ባለ እንጨት ታውን ኤንድ ካንትሪ፦ ከአምስቱ የትኛው ይገዛ?

ክራይስለር ታውን ኤንድ ካንትሪ ሲባል ዛሬ ብዙ ሰው ትዝ የሚለው የቤተሰብ ሚኒቫን ነው። ስሙን መጀመሪያ ያወጣው መኪና ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1941 እስከ 1950 የተሠራ፣ በሮቹና የኋላ ጎኑ በእውነተኛ እንጨት የተዋቀረ፣ በዘመኑ ከድርጅቱ ውድ መኪኖች የሚቆጠር ነበር። እዚህ የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በነዚያ ዓመታት አምስት ዓይነት ወጥቷል፤ የ1941–42 ዋገን (ጣሪያው እስከ ኋላ ጫፍ የሚዘልቅ የሰውና የዕቃ መኪና)፣ የ1946–48 ባለ አራት በር፣ የ1946–48 ባለ ሸራ ጣሪያ፣ የ1949 ባለ ሸራ ጣሪያ፣ በመጨረሻም ኒውፖርት የሚባለው የ1950 ባለ ብረት ጣሪያ ባለ ሁለት በር። ስማቸው አንድ ቢሆንም አሠራራቸው አይመሳሰልም። አንዱን ለመያዝ የሚጠይቀው ሙያና ገንዘብ ከሌላው በጣም ይለያል።

ገዢ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ሞተር አስነስቶ በማዳመጥ ነው። በዚህ መኪና ሞተሩ መጨረሻ ይታይ። ሞተሩ፣ ካምቢዮውና የሻሲው ዕቃ ክራይስለር ለሌሎች ሞዴሎቹም የተጠቀመበት ስለሆነ መለዋወጫው ተፈልጎ አይታጣም። የበር ወይም የኋላ ጎን እንጨት ግን ከመደርደሪያ አይነሳም፤ አናጺ ቁጭ ብሎ ለዚያው መኪና የሚቀርጸው ነው። ሞተሩ የሞተ፣ እንጨቱ ግን ጤነኛ የሆነ መኪና፣ ሞተሩ እንደ ሰዓት ከሚሠራ የበሰበሰ መኪና ይሻላል። ይህን ስንል በዋጋም በድካምም ማለታችን ነው።

መጀመሪያ የሚጠየቀው፦ እንጨቱ ተሸካሚ ነው ወይስ ተለጣፊ?

እስከ 1948 ባሉት እንጨቱ ጌጥ አይደለም። የበሩ ማዕቀፍ ራሱ እንጨት ነው፤ ማጠፊያው የሚታሰረው፣ ቁልፉ የሚነክሰው፣ መስታወቱ የሚንሸራተተው በእንጨት ላይ ነው። ማዕቀፉ ነጭ አሽ ከሚባለው ነጣ ያለ ጠንካራ እንጨት የተሠራ ነው። በማዕቀፉ መሃል ያለው ጠቆር ያለ ሜዳ ማሆጋኒ ነበር፤ በ1947 ግን ማሆጋኒው ቀርቶ ዳይኖክ በሚባል የእንጨት መልክ በታተመበት ልባስ ተተካ። እንጨቱ የሚዘጋጀው በአርካንሶ ግዛት ሄሊና አካባቢ በነበረው የክራይስለር እህት ድርጅት በፔኪን ዉድ ፕሮዳክትስ ነበር።

በ1949 እና በ1950 ነገሩ ተለወጠ። ቦዲው ሙሉ በሙሉ ላሜራ ሆነ፤ አሹ እውነተኛ አሽ ቢሆንም በላሜራው ላይ በቡሎን የታሰረ ነው። ቢበሰብስ መኪናው ያስቀይማል እንጂ በሩ አይወድቅም።

ምርጫው ሁሉ ከዚህ ይመነጫል። አሽ ጠንካራና የሚተጣጠፍ ስለሆነ ለቦዲ የተመረጠ ነው፤ ነገር ግን እርጥበትን የሚቋቋም የተፈጥሮ ዘይት የለውም። ውሃ ከነካው ጫፉ እንደ ስፖንጅ ይመጠዋል፣ ይጠቁራል፣ ከዚያ ይፈርሳል። ቫርኒሹ እያለ ምንም አይሆንም። ቫርኒሹ በአንድ መጋጠሚያ ላይ ጸጉር የምታህል ስንጥቅ ካበጀ ግን ሥራው ተጀመረ ማለት ነው።

የ1941–42 ዋገን

ሐሳቡን የገፋው የክራይስለር ዲቪዥን ፕሬዚዳንት የነበረው ዴቪድ ዋላስ ነው። የዘመኑ የእንጨት ዋገኖች እንደ ሳጥን የቆሙ፣ ጣሪያቸው በሸራ መሰል ነገር የተሸፈነ የሥራ መኪኖች ነበሩ። ይህኛው ግን የብረት ጣሪያ ነበረው፤ ጀርባውም እንደ በርሜል ጎበጥ ብሎ ይወርዳል። ከኋላ ሁለት በሮች ከመሃል ወደ ግራና ቀኝ ይከፈታሉ። ባለ 6 እና ባለ 9 ሰው ሆኖ ተሠርቷል። ርዝመቱ ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ 309 ሳንቲሜትር ገደማ ነው፤ ሞተሩ ባለ ስድስት ሲሊንደር ሲሆን በ1941 4 ሊትር፣ በ1942 4.1 ሊትር ነበር። በየዓመቱ 1,000 ገደማ ብቻ ነው የወጣው፤ በ1942 መጀመሪያ ላይ በጦርነቱ ምክንያት የሲቪል መኪና ምርት ሲቆም አበቃ።

ከአምስቱ በመልክ የሚስተካከለው የለም ብለን እናምናለን። ለመጀመሪያ ባለ እንጨት መኪና ግን አንመክረውም። ችግሩ ያ የሚያምረው ጀርባ ነው። የኋላ በሮቹ ማዕቀፍ በአንድ ጊዜ በሁለት አቅጣጫ የጎበጠ ነው፤ ከወፍራም አሽ ተፈልፍሎ እንጂ በቀጥታ ሞራሌ አይሠራም። የሁለቱ በሮች መገናኛ መስመር በ3 ሚሊሜትር ከተዛነፈ ዝናብ ይገባል፤ የሚገባውም ወለሉ ላይ ወዳለው እንጨት ነው። ከተገኘም የሚገዛው ጀርባው የመጀመሪያው እንጨት ከሆነ፣ ወይም የሠራው አናጺ ሥራ በፎቶ ደረጃ በደረጃ ከተያዘ ነው። ካምቢዮው በሞተር መምጠጫ ኃይል የሚቀያየር የቀድሞው ዓይነት ስለሆነ፣ አንዲት የተሰነጠቀች የጎማ ቱቦ ማርሹ እንዳይገባ ታደርጋለች። ማስተካከሉ ግን ርካሽ ነው።

የ1946–48 ባለ አራት በር

የተረሳው ይህ ነው፤ ለብዙ ሰው የሚስማማውም ይህ ነው። 4,000 ገደማ ተሠርቷል። ዊንዘር በሚባለው የክራይስለር ሞዴል ሻሲ ላይ ያረፈ፣ ባለ 4.1 ሊትር ስድስት ሲሊንደር፣ 114 የፈረስ ጉልበት ነው። በ1946 ብቻ 100 ያህል በስምንት ሲሊንደር ወጥተዋል፤ እነሱን ማግኘት ዕድል ነው። የብረት ጣሪያ ስላለው ከላይ ውሃ አይገባም፤ ብዙዎቹ ከጣሪያው ላይ የእንጨት ፖርቶ መጋላ አላቸው። ዋጋውም ከባለ ሸራው ያንሳል።

የሚከፈለው በበሮቹ ብዛት ነው። አራት በር ማለት አራት የእንጨት ማዕቀፍ፣ አራት የመስታወት ልባድ፣ አራት የታች አግዳሚ ማለት ነው። ፖርቶ መጋላው ካለ ደግሞ እግሮቹ ጣሪያውን የሚነኩበትን ቦታ በጣት መዳሰስ ያስፈልጋል። ከሥሩ ያለው ላስቲክ ከደረቀ ውሃ እዚያ ይተኛል፤ ላሜራው ከውስጥ በኩል ይዝጋል።

የ1946–48 ባለ ሸራ ጣሪያ

ሰው ታውን ኤንድ ካንትሪ ሲል በዓይነ ሕሊናው የሚያየው ይህንን ነው፤ ዋጋውም ያንን ያውቃል። ከ8,000 በላይ ስለተሠራ ከአምስቱ ብዙ የወጣው እሱ ነው፤ በጨረታም ላይ በብዛት የሚታየው እሱ ነው። ኒውዮርከር የሚባለው የክራይስለር ሞዴል ሻሲ፣ ከጎማ እስከ ጎማ 324 ሳንቲሜትር፣ ባለ 5.3 ሊትር ስምንት ሲሊንደር በመስመር፣ 135 የፈረስ ጉልበት፣ ክብደት ወደ 2 ቶን።

በር ሁለት ብቻ ስለሆነ እንጨቱ የሚያንስ ይመስላል። በእርግጥ ያንሳል፤ ግን እያንዳንዱ በር ረጅምና ከባድ ነው፤ ክብደቱ ሁሉ በፊተኛው ምሰሶ ላይ ይንጠለጠላል። ጣሪያ የሌለው ሻሲ ደግሞ በጉድጓድ ላይ ይጣመማል፤ የሚጣመመውን የሚቀበሉት የእንጨቱ መጋጠሚያዎች ናቸው። ስለዚህ በባለ ሸራው ላይ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚከፈተው በበሩ የታችኛው የኋላ ጥግና በኋላ ጎን እንጨት መካከል ያለው መስመር ነው። ሸራው ሲያረጅ ደግሞ ውሃው ከኋላ መስታወት ሥር ወርዶ የዕቃ መጫኛው ክዳን ማዕቀፍ ላይ ያርፋል። ያ ክዳን እንጨት ነው፤ ከባድ ነው፤ ሁልጊዜ መጀመሪያ የምንመለከተው የእሱን የታችኛ ጠርዝ ነው።

የ1949 እና የ1950

በ1949 ባለ ሸራው ብቻ ቀረ፤ 1,000 ገደማ ወጣ። በ1950 ደግሞ ባለ ብረት ጣሪያ ባለ ሁለት በር ኒውፖርት ሆኖ 700 ገደማ ተሠርቶ እውነተኛው እንጨት በዚያው አበቃ። ሁለቱም በ334 ሳንቲሜትር ሻሲና በዚያው 5.3 ሊትር ስምንት ሲሊንደር ላይ ናቸው። ቦዲው ላሜራ ስለሆነ ለመንዳት የተረጋጉ ናቸው፤ ጥሩ ባትላሜራ ካለ ግማሹ ሥራ አለቀ። ግን ሌላ በሽታ አላቸው፤ ውሃ በእንጨቱና በላሜራው መካከል ገብቶ ሲቆይ ብረቱ ከጀርባ ይበላል፣ ከፊት ግን ምንም አይታይም። ቫርኒሹ ሥር ቡናማ የዝገት ጭረት በቡሎን ዙሪያ ከታየ፣ አንዱን የእንጨት ቁራጭ ፈትቶ ለማየት ፈቃድ መጠየቅ ተገቢ ነው። ፈቃድ የሚከለክል ሻጭ መልሱን ሰጥቷል።

የ1950ው አንድ ልዩ ነገር አለው፦ በአራቱም ጎማ የዲስክ ፍሬን በመደበኛነት ተገጥሞለታል። የዛሬው ዓይነት አይደለም። በየጎማው ሁለት ዲስኮች አሉ፤ ፍሬን ሲረገጥ ተራርቀው ከሚሽከረከረው ቤት ግድግዳ ጋር ይጣበቃሉ፤ በመካከላቸው ያሉ ኳሶች በተዳፋት ላይ እየወጡ ግፊቱን ያበዛሉ። ሲሠራ ድንቅ ነው። ሲበላሽ ግን ዕቃው ብርቅ ነው፣ የሚያውቀውም ባለሙያ ጥቂት ነው። መኪናው ቆሞ የኖረ ከሆነ የአራቱም ፍሬን መጠገኛ ወጪ ከዋጋው ላይ ተቀንሶ መደራደር አለበት።

እንጨቱን እንዴት እንመርምር

የሚያዘው ዕቃ ትንሽ ነው፦ ወስፌ፣ የእጅ ባትሪ፣ ትንሽ መስታወት፣ ካቻቢቴ፣ ቢቻል የእንጨት እርጥበት መለኪያ። መኪናው ደረቅ መሆን አለበት። አዲስ የታጠበ መኪና ስንጥቁን ይደብቃል።

በሩን 5 ሳንቲሜትር ያህል ከፍቶ ጫፉን ወደ ላይ ማንሳት። በሩ ከፍ ዝቅ ካለ ሁለት ምክንያት ሊኖረው ይችላል። ሲነሳ ዓይን ማጠፊያው ላይ ይሁን፤ ፒኑ በቀዳዳው ውስጥ ከተንቀሳቀሰ ያረጀው ማጠፊያው ነው፣ ቀላል ነው። ማጠፊያው ጸንቶ የእንጨቱ መጋጠሚያ እንደ አፍ ከተከፈተና ከተዘጋ ግን ኮላው ለቋል። እንዲህ ያለ በር መፈታት፣ መጽዳት፣ እንደገና መጣበቅ አለበት፤ ከውጭ ብሎን ጨምሮ ማጥበቅ እንጨቱን ከመሰንጠቅ በቀር የሚፈይደው የለም።

ቀጥሎ በካቻቢቴው እጀታ የታችኛውን አግዳሚ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀስ እያሉ መምታት። ጤነኛ አሽ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የበሰበሰው ይደፈናል። ድምፁ በተደፈነበት ቦታ ወስፌውን ከሥር በኩል፣ ከማይታየው ገጽ፣ መጫን። ከ2 ሚሊሜትር በላይ ያለ ድካም ከገባ እንጨቱ ሄዷል። እርጥበት መለኪያው ከ8 እስከ 12 በመቶ ቢያሳይ መልካም ነው፤ ከ18 በላይ ካሳየ ውሃ የሚገባበትን ቀዳዳ መፈለግ ግድ ይላል።

መበስበሱ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከውስጥ ነው። ውሃ በመስታወቱ ልባድ በኩል ወደ በሩ ሆድ ይወርዳል፤ ከታች ያሉት የማፍሰሻ ቀዳዳዎች በአቧራና በአሮጌ ቫርኒሽ ከተደፈኑ እዚያው ይተኛል። ለዚህ ነው ውጩ እንደ መስታወት የሚያበራ በር ውስጡ ዱቄት ሆኖ የሚገኘው። የውስጠኛው የበር ሽፋን ተፈትቶ መስታወትና ባትሪ ይግባ። ያልተቀባ ግራጫ እንጨት ከታየ፣ የቀድሞው ጥገና ከውጭ ብቻ ነው የተሠራው።

ሌላ ምልክት ቀለም ነው። አሽ ነጣ ያለ መሆን አለበት። ማዕቀፉ ሁሉ ወደ ቡናማ ከተቀለመ፣ ጥቁረቱን ለመደበቅ ሊሆን ይችላል። በስቱኮ የተሞላ ጥግ ደግሞ የእንጨቱ መስመር በድንገት ይቋረጥበታል፤ በጎን ብርሃን ይለያል።

ጥገናው ምን ይጠይቃል

የጠቆረ ሁሉ የበሰበሰ አይደለም። ጥቁር ነጠብጣቡ ብረትና ውሃ ከእንጨቱ ጋር ሲገናኙ የሚፈጠር ከሆነ በኦክሳሊክ አሲድ ይለቃል። በ1 ሊትር ሙቅ ውሃ ከ60 እስከ 90 ግራም አሟሙቶ፣ ጓንትና የአፍንጫ መሸፈኛ አድርጎ፣ ገጹን በሙሉ እኩል መቀባት፤ አንድ ነጥብ ላይ ብቻ ከተቀባ ነጭ ክብ ይተዋል። ከደረቀ በኋላ ደጋግሞ በንጹሕ ውሃ ማጠብ፣ ከዚያ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ቀናት መጠበቅ። በረኪና ለዚህ አይሆንም፤ ጥቁረቱን አያነሳም፣ የእንጨቱን ቃጫም ያደክማል።

ጥቂት የለሰለሰ ቦታ ሰርጎ በሚገባ ቀጭን ኤፖክሲ ይጠነክራል። ከማጠፊያ ወይም ከቁልፍ ሥር ያለ እንጨት ግን በኤፖክሲ መታመን የለበትም፤ ተቆርጦ በአዲስ አሽ ይተካ፣ የቃጫውም አቅጣጫ ከድሮው ጋር ይግጠም።

ቫርኒሹ የፀሐይ ጨረር መከላከያ ያለው የጀልባ ቫርኒሽ ይሁን። የመጀመሪያው እጅ በማቅጠኛ ግማሽ ለግማሽ ቀጥኖ፣ ሁለተኛው በሩብ ቀጥኖ፣ ከዚያ በኋላ እንዳለ፤ በጠቅላላው ከ8 እስከ 10 እጅ። በየእጁ መካከል አንድ ቀን ይደር፤ በ320 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ቀለል ብሎ ይታሽ። የእንጨቱ ጫፎችና የበሩ ውስጥ ከፊቱ እኩል ይቀቡ፤ ብዙዎች እዚህ ላይ ነው የሚሰንፉት። ጠንካራ ባለ ሁለት ቅልቅል የመኪና ቫርኒሽ አንመክርም። እንጨቱ ከወቅት ወቅት ሲያብጥና ሲኮማተር እሱ አይከተለውም፤ መጋጠሚያው ላይ ይሰነጠቅና ውሃውን ከሥሩ አፍኖ ያስቀራል። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ገጹን አሽቶ አንድ እጅ መጨመር ነው። ይህን ለማድረግ ጊዜ የሌለው ሰው የ1949ኙን ወይም የ1950ውን ይምረጥ።

ሞተርና ካምቢዮ፣ በአጭሩ

ስድስቱም ስምንቱም ሞተር ጠንካሮች ናቸው። የተለመደው ችግር የኋላ ሲሊንደሮች መጋል ነው። ከውሃ ፓምፑ ጀርባ በሞተሩ ርዝመት የሚሄድ፣ ውሃ የሚያከፋፍል ቀጭን የላሜራ ቱቦ አለ፤ ዝጎ ሲበሳ ፊተኛው ብቻ ይቀዘቅዛል። ራዲያተርና ፓምፕ ፈትቶ ቱቦውን መሳብ ያስፈልጋል፤ ብዙ ጊዜ ተሰባብሮ ነው የሚወጣው።

ፍሉይድ ድራይቭ በሞተሩና በፍሪሲዮኑ መካከል በዘይት የሚሠራ መጋጠሚያ ነው። ፍሪሲዮን አለ፤ ግን በየመብራቱ መርገጥ አያስፈልግም። መኪናው ፍጥነት ሲይዝ ነዳጁን ለቀቅ ሲያደርጉ ካምቢዮው ራሱ ከፍ ይላል፣ ትንሽ ‘ቀጭ’ የሚል ድምፅም ይሰማል። ካልተሰማ ቀድሞ የሚመረመረው የኤሌክትሪክ ሽቦው ነው፤ ካምቢዮ ለማውረድ አይቸኮል። የመጋጠሚያው ዘይት የሞተር ዘይት አይደለም፤ ቀጭን የተርባይን ዘይት፣ አይሶ 32 የሚባለው፣ ይስማማዋል።

ባትሪው 6 ቮልት ነው፤ ሻሲው ላይ የሚታሰረው ፖዘቲቩ ነው። ሞተሪኖው እየደከመ ከዞረ ባትሪ ከመቀየር በፊት ኬብሉን ማየት ይገባል፤ ለ12 ቮልት የተሠራ ቀጭን ኬብል ለ6 ቮልት አይበቃም። በግራ በኩል ያሉት የጎማ ቡሎኖች ወደ ቀኝ ሲዞሩ ነው የሚፈቱት። ይህን ያላወቀ ጎሚስታ ይበጥሳቸዋል።

ከክራይስለር ውጭ ለሚያስብ

የ1946–48 ፎርድ ስፖርትስማን በጣም የቀረበው አማራጭ ነው። በሚሺጋን አይረን ማውንቴን ከነበረው የፎርድ ፋብሪካ በመጣ እንጨት የተሠራ ባለ ሸራ ጣሪያ ሲሆን፣ ከእንጨቱ ሥር የብረት ማዕቀፍ አለው። ከጎማ እስከ ጎማ 290 ሳንቲሜትር፣ ባለ 3.9 ሊትር ቪ8፣ 100 የፈረስ ጉልበት ነው። ለሞተሩ ዕቃ ማግኘት ከክራይስለሩ ስምንት ሲሊንደር እጅግ ይቀላል። ምቾቱ ግን አይደርስበትም። የመርኩሪ ወንድሙ 200 ገደማ ብቻ ስለሆነ እንደ አማራጭ አይቆጠርም። ዋገን ብቻ ለሚፈልግ የ1953 ቢዩክ ሮድማስተር ኤስቴት አለ፤ ቪ8 ሞተርና አውቶማቲክ ካምቢዮ ይዞ ከመጨረሻዎቹ እውነተኛ ባለ እንጨት አንዱ ነው፤ ለረጅም መንገድ ከሁሉም ይበልጣል ባይ ነን።

ውል ከመፈረም በፊት

የመለያ ቁጥሩ በግራ የፊት በር ምሰሶ ላይ በተለጠፈች ትንሽ ሳህን ላይ ነው፤ የሞተሩ ቁጥር ደግሞ በሞተሩ ግራ ጎን ላይ ተቀርጿል። የ1946–48 ባለ ስድስት ሲሊንደር በሲ38 ይጀምራል፣ ባለ ስምንቱ በሲ39፤ የ1949ኙ በሲ46፣ የ1950ው በሲ49። ባለ ሸራ ጣሪያ መኪና ላይ ሲ38 ከተገኘ ሞተሩ ተቀይሯል ብሎ መጠርጠር ነው። ሞተር መቀየሩ ኃጢአት አይደለም፤ ዋጋው ግን የመጀመሪያው ሞተር እንዳለው መሆን የለበትም። የ1946፣ የ1947 እና የ1948 በመልክ እጅግ ስለሚቀራረቡ ዓመቱን የሚወስነው የመለያ ቁጥሩ ነው። የድሮው ቅርጽ ከ1948 መጨረሻ ጀምሮ አዲሱ እስኪወጣ ድረስ የ1949 ተብሎም ስለተሸጠ፣ የቦዲው ቅርጽ የ1948 ሆኖ ሊብሬው 1949 ቢል ስህተት ነው ብሎ መደምደም አይገባም፤ ቁጥሩ ከተመደበው ተከታታይ ጋር ይነጻጸር።